ሲሊኮን ስለመቀባትና ስለመቀየር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ቤት በማጠናቀቅና በመጠገን ሥራዬ ላይ ባለቤቶችም ተከራዮችም አዘውትረው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬያለሁ።

ሲሊኮን ምንድን ነው? ከስቱኮና ከነጭ ሲሚንቶ በምን ይለያል?

ሲሊኮን ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚገናኙበትን ክፍተት የሚደፍን፣ ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው። ሲንክ ከሴራሚክ፣ መስታወት ከብረት፣ የመስኮት ፍሬም ከግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል። ሲንኩ ላይ ትልቅ ድስት ውሃ ሲቀመጥ ዝቅ ይላል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ስቱኮም ሆነ ነጭ ሲሚንቶ ሲደርቅ ድንጋይ ስለሚሆን ይህን እንቅስቃሴ አይችለውም፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢቀጥንም ለውሃ መንገድ ነው።

ስለዚህ የነጭ ሲሚንቶ ቦታ በአንድ ግድግዳ ወይም በአንድ ወለል ላይ በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ነው። ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ግን ሲሊኮን ነው የሚገባው። ስቱኮ ደግሞ ደረቅ ግድግዳን ከቀለም በፊት ለማስተካከል ነው፤ ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ አታድርጉት።

ቤቴ ውስጥ የት የት ነው የሚያስፈልገው?

ኩሽና ውስጥ ሲንኩ ዙሪያና ጠረጴዛው ከግድግዳው ሴራሚክ ጋር በሚገናኝበት መስመር። ሻወር ቤት ውስጥ በማዕዘኖቹ ሁሉና የእጅ መታጠቢያው ግድግዳውን በሚነካበት። ከውጭ በኩል በበርና በመስኮት ፍሬም ዙሪያ። ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ በስቶ የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ደሴ ላይ የታኅሣሥ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በረሮውና ትንኙ የሚገባው በዚያ ነው።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ እግር ዙሪያም ይቀባል፤ ከኋላ በኩል ግን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት። ከሥር ያለው መገጣጠሚያ አንድ ቀን ማፍሰስ ቢጀምር ውሃው በዚያ ወጥቶ ይታያችኋል። ዙሪያውን ከደፈናችሁት ውሃው ሳይታይ ወለሉ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው የጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው።

መቀየር እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

በዓይን ብቻ አትመኑ፤ በጥፍራችሁ ሞክሩት። የመስመሩን ጠርዝ በጥፍር ገፋ አድርጉት። የያዘ ሲሊኮን እንደ ጎማ ይመልሳል እንጂ ከሴራሚኩ አይለቅም። ጥፍር ከሥሩ ከገባ ውሃም ገብቷል ማለት ነው። ደርቆ የጠነከረ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ከአንድ ወገን የተላቀቀ ወይም ከውስጡ የጠቆረም ጊዜው አልቋል።

ደሴ ውስጥ ሸዋበር አካባቢ አንዲት እናት «ሲንኩ ሥር ይሸተኛል፣ ቧንቧው ግን አያፈስም» ብለው አስጠሩኝ። ከላይ ሲታይ ሲሊኮኑ ነጭ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። አንዱን ጫፍ በጥፍሬ ይዤ ስስበው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ተከትሎኝ መጣ። ከሥሩ ጥቁር አተላ ነበር፤ የካቢኔቱ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ጣውላ) ውሃ ጠጥቶ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጧል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። «እኔኮ በየቀኑ ነው የምወለውለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚወለወለው ላዩ ነው፣ ውሃው የሚገባው በጠርዙ። «አብሽሩ እማማ፣ ሲንኩ ይተርፋል» አልኳቸው፤ ካቢኔቱ ግን ሊተርፍ አልቻለም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ቤቱን በሙሉ በጥፍር መዞር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

የጠቆረውን በበረኪና ማጽዳት አይበቃም?

ጥቁረቱ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ሶፍት ጠቅልላችሁ በረኪና ንከሩና በመስመሩ ላይ ለጥፉት፤ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። ከሄደ ሻጋታው ላይ ላዩን ነበር። ካልሄደ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የምትቀባቡት በረኪናም አይደርስበትም፤ ይቀየር። ይህን ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ለዘወትር ጽዳት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃዋል። የድስት ሽቦ አታስነኩት፤ ላዩን ይቧጭረዋል፣ ሻጋታ ደግሞ የሚወደው የተቧጨረ ቦታ ነው። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ውጭ ስለማይደርቅ ብዙ ቤት ሻወር ቤት ውስጥ ይሰጣል። ያን ጊዜ ሻጋታው በሳምንት ነው የሚወጣው። ማታ ማታ መስመሩን በደረቅ ጨርቅ አበስ ማድረግና በሩን ገርበብ አድርጎ ማደር ከየትኛውም ማጽጃ ይሻላል።

ሱቅ ስሄድ የትኛውን ነው የምጠይቀው?

«ሲሊኮን ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ርካሹ፣ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ነው። ሽታው የመጣው ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ነው፤ አሲዱም የአቼቶው ነው። ይኸኛው በመስታወትና በሴራሚክ ላይ በጣም ጥሩ ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። በቆርቆሮ፣ በናስ፣ በመዳብ ላይ ግን ብረቱን ይበላል፤ በሲሚንቶና በእብነ በረድ ላይ አሲዱ ከኖራው ጋር ስለሚጣላ ይላቀቃል ወይም ያበላሻል። የፊት መስታወትም በእርሱ ከለጠፋችሁ ጀርባው ላይ ያለው ብርማ ቀለም ይበላና ከፊት ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣዋል።

ለብረት መስኮት፣ ለቆርቆሮ፣ ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ግድግዳ፣ ለእብነ በረድ ጠረጴዛ «ኒውትራል» የተጻፈበትን ጠይቁ። ሽታው ያን ያህል አይደለም፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎም ይደርቃል። ለሻወር ቤት ደግሞ «ሳኒተሪ» የሚባለው ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት የተጨመረበት ነው። ሌላው አክሪሊክ ነው፤ በውሃ የሚታጠብ፣ ቀለም የሚቀበል፣ ለደረቅ ክፍል ብቻ የሚሆን። በዋጋው ተስባችሁ ሻወር ቤት እንዳታስገቡት።

ከመክፈላችሁ በፊት የመጠቀሚያ ጊዜውን እዩ። ሲሊኮን ሳይከፈትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከተመረተ ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል ነው። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ከእኛ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚቀድም «ገና ብዙ ጊዜ አለው» ብሎ ያለፈበትን የገዛ ሰው አውቃለሁ። ጊዜው ያለፈበት ሲሊኮን እንደ ማስቲካ እየተጣበቀ ይኖራል እንጂ አይደርቅም። ጥርጣሬ ካላችሁ ቤት ስትደርሱ ካርቶን ላይ ጥቂት ጨምቁና ጠብቁ፤ ሁለት ሰዓት አልፎት ላዩ ጣት ላይ ከተጣበቀ መልሱት።

አንድ ፍሬ ስንት ሜትር ይሸፍናል?

የተለመደው ፍሬ 280 ወይም 300 ሚሊ ሊትር ነው። ወርዱም ጥልቀቱም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ከሆነ 280ው ወደ 7 ሜትር ተኩል ይሄዳል። ወርዱም ጥልቀቱም 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 2 ሜትር ከ80 ላይ ያልቃል። አንድ የኩሽና ሲንክ ዙሪያው 3 ሜትር ገደማ ስለሚሆን አንድ ፍሬ ሲንኩንም የግድግዳውን መስመርም ይበቃል።

የተረፈውን ለማቆየት አፍንጫው ላይ ጥቂት ጨምቃችሁ ተዉት፤ የወጣው ደርቆ ቡሽ ይሆነዋል። ስትፈልጉት በምስማር ትስቡታላችሁ። እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ሳምንት በላይ አትመኑት።

በአሮጌው ላይ ደርቤ ብቀባስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የማየውም ይህንኑ ስህተት ነው። አይሆንም። የደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም፣ ሌላ ሲሊኮን እንኳ። አዲሱ ከላይ ለብቻው ደርቆ እንደ ቆዳ ይቀመጣል። ለሁለትና ለሦስት ወር ያምራል፣ ከዚያ ጠርዙ ይነሳል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። አሮጌው የተላቀቀው ውሃ ገብቶበት ነው፤ ያ ውሃ ከሥር እንዳለ ከላይ ስትደርቡበት መውጫውን ዘጋችሁበት። እዚያው ተቀምጦ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ሴራሚኩን ከግድግዳው ያስለቅቃል። ሦስት ጊዜ የተደራረበ ሲሊኮን ያየሁባቸው ቤቶች አሉ፤ አንዱ ንብርብር ከሌላው ጋር ሳይጣበቅ እንደ እንጀራ አንድ በአንድ ይገለጣል። ሦስቱም ጊዜ ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሏል። የማፍሰሱ ምክንያት ግን አንድም ቀን አልተነካም። የመቀባቱ ሥራ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሥራው ያለው በማንሳቱ፣ በማጽዳቱና በማድረቁ ላይ ነው። ሠራተኛ ስትቀጥሩም ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት «አሮጌውን ታነሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ያስፈልጋል፣ ከላይ እሠራልሃለሁ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሮጌውን እንዴት ነው የማነሳው?

በአዲስ ከተር ሁለቱንም ጠርዝ ቁረጡ፤ አንዴ ከላይ በግድግዳው ወገን፣ አንዴ ከታች በሲንኩ ወገን። ምላጩን ሴራሚኩ ላይ አስተኙት እንጂ አታቁሙት፤ ከቆመ ይቧጭራል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደህና ከቆረጣችሁት ረጅም ረጅም ሆኖ ይወጣል። የቀረውን በማያገለግል የባንክ ካርድ ፈቅፍቁት፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ሴራሚክ አይጎዳም።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ዓይን የማያየው ስስ ቅባት መሳይ ንብርብር ሴራሚኩ ላይ ይቀራል፤ አዲሱ የሚላቀቀው በእሱ ምክንያት ነው። በአልኮል በተነከረ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሹት፤ ጨርቁን እየቀያየራችሁ። አሴቶን የበለጠ ይሠራል፣ ፕላስቲክና ቀለም ግን ያቀልጣልና በሴራሚክና በመስታወት ላይ ብቻ ተጠቀሙበት፤ እሳት ካለበት ኩሽና ውስጥም አትክፈቱት። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጥቂት ውሃ ጣል አድርጉበት። ውሃው ተዘርግቶ ከተኛ ንጹህ ነው። እንደ ጤዛ ክብ ክብ ሆኖ ከቆመ ሲሊኮን ቀርቶበታል፣ እንደገና እሹ።

ከሥሩ ሻጋታ ካገኛችሁ በረኪና ቀብታችሁ፣ ሩብ ሰዓት አቆይታችሁ በውሃ አጥቡና አድርቁ። ማድረቁን አትቸኩሉበት። በጋ ከሆነ ክፍተቱ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር፤ ክረምት ከሆነ ሁለትም ሦስትም ቀን። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ ያግዛል። ሶፍት በቀጭኑ ጠቅልላችሁ ክፍተቱ ውስጥ ስትሰኩት ረጥቦ ከወጣ ገና ነው።

ሳይዝረከረክ እንዴት ልቀባው?

ከመስመሩ በላይና በታች የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን። በመካከላቸው የምትተዉት ወርድ የመስመሩ ወርድ ነው። አፍንጫውን ሰያፍ አድርጋችሁ፣ ቀዳዳውም ከክፍተቱ ጠበብ እንዲል አድርጋችሁ ቁረጡ። ሽጉጡን፣ ማለትም ሲሊኮኑን ገፍቶ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ሳታቋርጡ፣ በአንድ እኩል ፍጥነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። ሲሊኮኑ ክፍተቱ ውስጥ ይግባ እንጂ ከላይ ብቻ አይተኛ።

ወዲያው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ የሳሙና ውሃ በነካ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ጫን ብላችሁ ጎትቱት። ደጋግማችሁ በነካካችሁት ቁጥር ይበላሻል። ጣትን በምራቅ ማርጠብ የብዙ ሠራተኛ ልማድ ነው፤ ያልደረቀ ሲሊኮን ወደ አፍ የሚገባ ነገር አይደለም፣ ተዉት። ፕላስተሩን ሳይደርቅ አንሱ። ከደረቀ በኋላ ካነሳችሁት ጠርዙን ይዞት ይመጣል።

ሲንክ ስትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመቀባታችሁ በፊት ሲንኩን ውሃ ሙሉት፣ እስኪደርቅም አትልቀቁት። በክብደቱ ዝቅ እንዳለ ከደረቀ በኋላ ውሃው ሲወጣ ሲሊኮኑ ይጨመቃል እንጂ አይሳብም።

ስንት ሰዓት ይደርቃል? እኛ ቤት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ይደረጋል፣ ሻወር ቤቱን መዝጋት አንችልም።

ሲሊኮን የሚደርቀው አየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ላዩ ቆዳ ያወጣል፤ ይህ ደርቋል ማለት አይደለም። ከዚያ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ አታስነኩት። ለወፍራም መስመርና ለኒውትራል ሁለትና ሦስት ቀን ስጡት። ደሴ ላይ ብርድ ሲጠና ከዚህም ይዘገያል።

ውዱእ ያለበትን ቤት በተመለከተ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ መሥራት ነው። እኔ ከዒሻእ ሰላት በኋላ ነው የምቀባው፤ ሌሊቱ ሙሉ ነፃ ነው። በማግሥቱ ከሱብሂ ጀምሮ ውዱኡ ግቢው ውስጥ በማንቆርቆሪያና በሳፋ ይደረጋል። እግር የሚታጠበው ወለል ላይ ስለሆነ የወለሉ ማዕዘን ነው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው፤ የአንድ ቀን ትዕግሥት የዓመታት ዕድሜ ይሰጠዋል። ዕድሜ የገፉ አባትና እናት ግቢ መውጣት ከከበዳቸው የእጅ መታጠቢያውን አንድ ቀን፣ ወለሉን ሌላ ቀን ከፋፍላችሁ ሥሩት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የማይመጣበትን ቀን ምረጡ።

በየትኛው ወር መሥራት ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ ተፍቷል፣ የበልጉ ዝናብም ገና አልመጣም። የውጭውን ሥራ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትጀምሩት፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ አይያዝም። ክረምት ላይ ማፍሰስ ከጀመረባችሁ ለጊዜው በላስቲክ ሸፍናችሁ ጠብቁ።

ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም ሥራቸው አንድ አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ወርዳለች። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብረቱም ሴራሚኩም በረዶ ነው፣ ጤዛም ይይዛል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሲሊኮን መቀባት አይመከርም። ፀሐይ ወጥቶ ግድግዳው ሞቅ እስኪል፣ እስከ አራት ሰዓት ጠብቁ። ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው የቀትር ፀሐይ የመታው የብረት ፍሬም ላይ ሲሊኮን ሳታለሰልሱት ቆዳ ያወጣል። በማለዳ ወይም ከአስር ሰዓት በኋላ ሥሩ።

ግድግዳውን ቀለም ቀባን፣ ሲሊኮኑ ላይ ግን ቀለሙ እየተገፋ አልይዝ አለ። ምን እናድርግ?

አይዝም፤ የትኛውም የግድግዳ ቀለም። ቀለም የሚቀባ ቦታ ላይ ከመጀመሪያው አክሪሊክ ነው የሚገባው። አሁን ያላችሁ ምርጫ ሲሊኮኑን አንስቶ በአክሪሊክ መተካት ነው። ቦታው ውሃ የሚነካው ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለው ሲሊኮን ፈልጉ።

በመስኮቱ በኩል ዝናብ ይገባል። ዙሪያውን በሙሉ ልድፈነው?

መጀመሪያ የመስኮቱን ዓይነት ለዩ። የብረት መስኮት ከሆነ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ብረቱን ከሥር ያዝጋል። የላላውን ስቱኮ አንሱ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡና ሲደርቅ ኒውትራል ሲሊኮን አድርጉበት። ዝገት ላይ የተቀባ ሲሊኮን የሚይዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል።

አልሙኒየም ከሆነ ከታች በውጭ በኩል ትንንሽ ስንጥቅ መሳይ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። በፍጹም አትድፈኗቸው። በመስኮቱ ሐዲድ ውስጥ የገባ ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። «ቀዳዳ አለው» ብለው ደፍነው በማግሥቱ ዝናብ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የወጣባቸው ቤተሰቦች ገጥመውኛል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሐዲዱን ከአቧራና ከሞተ ዝንብ ማጽዳትና ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መክፈት ብቻ ነው። በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ በሲሊኮን ብቻ አትሙሉት፤ መጀመሪያ በፎም (ተነፍቶ በሚደርቅ አረፋ) ወይም በልስን ጠባብ አድርጉት።

ቆርቆሮው ያፈሳል፤ በሲሊኮን ይደፈናል?

ለትንሽ ቀዳዳና ለምስማር ዙሪያ ለጊዜው ይሆናል፤ አቼቶ የሚሸተው ግን አይሁን። አሲዱ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ዚንክ ይበላውና በዓመቱ ቀዳዳው ሰፍቶ ታገኙታላችሁ። ምስማሩ ከላላ ሲሊኮን አይመልሰውም፤ ነቅላችሁ ጎማ ባለው ብሎን ተኩት፣ ከዚያ ኒውትራል ቀቡ። የአሸንዳ መገጣጠሚያም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ቅጠሉንና ጭቃውን አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ። በካትራሜ ላይ ሲሊኮን፣ በሲሊኮንም ላይ ካትራሜ አይያያዙም። ዝናብ በጣለበት ቀን ጣሪያ ላይ አትውጡ።

ሮቶው ተሰንጥቋል። ወይም የቧንቧው መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል።

ሁለቱም የሲሊኮን ሥራ አይደሉም። ሮቶ የሚሠራበት ፕላስቲክ ሲሊኮን ከማይጣበቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የሻወር ቤት ሲሊኮን ደግሞ የሻጋታ መድኃኒት ስላለበት የመጠጥ ውሃ የሚነካ ቦታ ላይ መግባት የለበትም። ስንጥቅ ሮቶ በዚያው ፕላስቲክ በሙቀት ይበየዳል ወይም ይቀየራል። ግፊት ያለበት ቧንቧም ከውጭ በተቀባ ሲሊኮን አይቆምም፤ ተፈትቶ በክር ወይም በቴፍሎን ይታሰር፣ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) ከሆነ ተቆርጦ እንደገና ይበየድ።

እንዳላችሁት አንስቼ አጽድቼ ቀባሁ፤ በዓመቱ መሐሉ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት በሦስት ወገን ተጣብቆባችሁ ይሆናል። ሲሊኮን መለጠጥ የሚችለው ግራና ቀኝ ብቻ ሲይዝ ነው። ከሥር ያለውንም ከያዘ ሁለቱ ጎኖች ሲራራቁ የሚሳብበት ቦታ ያጣና መሐል ለመሐል ይቀደዳል። ጥልቅ ክፍተት ሲሆን መጀመሪያ ከሥሩ ክብ የስፖንጅ ገመድ ይጠቀጠቃል። ገበያ ላይ ካጣችሁት በክፍተቱ ወርድ ልክ የተቆረጠ የላስቲክ ፕላስተር ከክፍተቱ ሥር አንጥፉበት፤ ሲሊኮኑ በላዩ ይንሸራተታል እንጂ አይያዝም። ወርዱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ የሲሊኮኑ ጥልቀት የወርዱ ግማሽ ይበቃል።

የተሰነጠቀው መሐሉ ሳይሆን የተላቀቀው ጠርዙ ከሆነ ግን ምክንያቱ ማጽዳቱ ወይም እርጥበቱ ነው። ሁለቱን ሳትለዩ እንደገና አትቀቡ።

ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ በየዓመቱ እደፍነዋለሁ፣ በየክረምቱ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ሽጉጡን አስቀምጡት። በየዓመቱ የሚከፈት ስንጥቅ የሚነግራችሁ ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ መሬት የሚንሸራተትባቸው ተዳፋቶች አሏት። ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ መሬቱ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። በሲሊኮን መድፈን ምልክቱን ይሸፍንባችኋል።

በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ፤ ወርዱንም በማስመሪያ ለክታችሁ ከጎኑ አስፍሩ። በየወሩ እዩት። ጫፉ መስመሩን ካለፈ፣ ወርዱ ከሰፋ፣ ወይም በር መዝጋት ካስቸገረ መሐንዲስ ጥሩ። እስከዚያው የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲወርድ አሸንዳውን አስተካክሉ፤ በግቢው ከፍ ባለው ወገን በኩል ያለውን ቦይ ክፈቱ፤ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ዛሬውኑ አስጠግኑ። ስንጥቁ ዳገቱን ተከትሎ ወለሉና ግቢው ላይም ከታየ፣ ዝናብ በሚበረታበት ሌሊት ልጆቹን በዚያ ክፍል አታስተኙ።